ሕገ ልቡናና የባቡር መንኮራኩር

ሰው ቀናውን መንገድ ይዞ የሚሄደው ከውጭ የቆመ ሕግ ስለሚከለክለው ነው ወይስ በውስጡ የተቀረጸ ጠባይ ስለሚመራው የሚለው ጥያቄ በኢትዮጵያ የሃይማኖት ትምህርት ውስጥ ብዙ የተመላለሰ ጥያቄ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መምህራን የሰውን ልጅ ዘመን በሕግ ሲከፍሉ ከአዳም እስከ ሙሴ ያለውን ዘመነ ሕገ ልቡና፣ ከሙሴ እስከ ክርስቶስ ያለውን ዘመነ ኦሪት፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን ዘመነ ወንጌል ይሉታል፤ ሕገ ልቡና የሚባለውም በጽላትም ሆነ በብራና ሳይጻፍ ክፉንና ደጉን እንዲለይበት ለሰው በተፈጥሮው የተሰጠው ዕውቀት ነው። በመጽሐፈ ኩፋሌ እንደሚተረከው አብርሃም ኦሪት ሳትጻፍ የአባቱን የታራን ጣዖታት ከንቱነት ተረድቶ ፈጣሪውን መፈለጉ ለዚህ ሕግ ዘወትር የሚጠቀስ አብነት ነው። ጥያቄው የሚከብደው ከዚህ በኋላ ነው፤ ሕገ ልቡና ከመጀመሪያው ከነበረ ኦሪት ለምን አስፈለገች? ካስፈለገችስ የልቡናው ሕግ ጎዶሎ ነበር ማለት ነው?

ይህን ጥያቄ ለመመርመር ከጉባኤ ቤት ርቆ የሚገኝ አንድ ነገር፣ ማለትም በባቡር ፉርጎዎች ሥር የሚገጠመው የመንኮራኩር ክፍል፣ ጥሩ መመልከቻ ይሆናል፤ ምክንያቱም በዚህ ብረት ውስጥ የውስጥ ቅርጽና የውጭ ክልከላ ጎን ለጎን ይሠራሉ፣ የየራሳቸው ድርሻም በሚሊ ሜትር ሊለካ ይችላል።

በማጂ አካባቢ ለምትገኘው ለቱም ከተማ፣ እንዲሁም ለሚዛን ተፈሪ፣ ለቴፒና ለበበቃ የቡና አገሮች፣ ባቡር እስካሁን በስም የሚታወቅ ነገር ነው። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን፣ ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም.፣ በተነደፈው ብሔራዊ የባቡር መረብ ውስጥ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማ በኩል ወደ ጉራፈርዳና ወደ ዲማ የሚዘልቅ መስመር ቢካተትም ሳይሠራ ቀርቷል፤ የአካባቢው ቡና ዛሬም ወደ መሀል አገር የሚወጣው በጭነት መኪና ነው። በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ሾፌሩ መሪውን ለአፍታም አይለቅም፤ በኩርባ ላይ የውጭው ጎማ ከውስጡ የበለጠ መንገድ ስለሚሄድም ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርግ ዲፈረንሻል የተባለ የጥርሶች ስብስብ በአክስሉ መካከል ተገጥሞለታል። ባቡር ግን መሪም ዲፈረንሻልም የለውም። ነጂው ፍጥነት ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ ፍሬን ይይዛል እንጂ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ አይዘውርም።

ታዲያ ባቡሩን በኩርባ የሚያዞረው ምንድን ነው ሲባል የተለመደው መልስ ፍላንጁ ነው የሚል ነው። ፍላንጅ የመንኮራኩሩን የውስጥ ጠርዝ ዙሪያውን ይዞ ከሃዲዱ ራስ በታች ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል የሚወርድ የብረት ከንፈር ሲሆን፣ መንኮራኩሩ ወደ ጎን አልፎ እንዳይሄድ የሃዲዱን ጎን ተደግፎ ያግደዋል። መልሱ ሐሰት ባይሆንም ዋናውን ነገር ያስቀራል። በባቡር ላይ ሁለት መንኮራኩሮች በአንድ አክስል ግራና ቀኝ ጠብቀው ስለሚገጠሙ አንዱ ያለ ሌላው መዞር አይችልም፤ ይህም የመንኮራኩር ጥንድ ሊባል ይችላል። የአክስሉ ጫፎች በኩሽኔታ ውስጥ ይዞራሉ፤ በኩሽኔታዎቹ ላይ በሞላ አማካይነት ቦጊ የተባለው ሻንሲ ያርፋል፤ አንድ ቦጊ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጥንዶችን ሲይዝ አንድ ፉርጎ ደግሞ በሁለት ቦጊዎች፣ ማለትም በስምንት መንኮራኩሮች ላይ ይቀመጣል። በሃዲዱ ላይ የሚሽከረከረው የመንኮራኩሩ ፊት ለዓይን ደልዳላ ቢመስልም በእርግጥ ሾጣጣ ነው፤ በፍላንጁ በኩል ወፈር ብሎ ወደ ውጭ እየቀጠነ ይሄዳል። ከተለመዱት ልኮች አንዱ በየ20 ሚሊ ሜትሩ 1 ሚሊ ሜትር ዝቅ የሚል ነው።

ከዚህች ጥቂት ዝቅታ የሚገኘው ውጤት ግን ትልቅ ነው። ሬዲየሱ 300 ሜትር በሆነ ኩርባ ላይ በ100 ሜትር ጉዞ ውስጥ የውጭው ሃዲድ ከውስጡ በግማሽ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ሁለቱ መንኮራኩሮች እኩል ስለሚዞሩ ልዩነቱን በዙር ብዛት ሊያካክሱት አይችሉም። ጥንዱ ወደ ኩርባው ውጭ ጥቂት ሲገፋ ግን የውጭው መንኮራኩር በወፍራሙ፣ የውስጡ በቀጭኑ ክፍሉ ይሽከረከራል፤ ወፍራሙ በአንድ ዙር ረዘም ያለ መንገድ ስለሚሄድም ጥንዱ ማንም ሳይዘውረው ኩርባውን ተከትሎ ይዞራል። ቀጥ ባለ መስመር ላይ ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብልም ያው ቅርጽ ወደ መካከል ይመልሰዋል። አዲስ አበባን ከጅቡቲ በሚያገናኘው፣ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. በተመረቀው መስመር ላይ እንደተዘረጋው ባለ 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ሃዲድ ላይ የዲያሜትሩ ልክ 90 ሴንቲ ሜትር የሆነ መንኮራኩር ቢሽከረከር፣ በ1,000 ሜትር ሬዲየስ ኩርባ ለመዞር 7 ሚሊ ሜትር ያህል መገፋት ይበቃዋል፤ ይህም በፍላንጁና በሃዲዱ መካከል ከሚተወው ክፍተት ጋር የሚቀራረብ ነው። ሬዲየሱ 300 ሜትር ሲሆን ግን 22 ሚሊ ሜትር ያህል ያስፈልገዋል፤ ያን የሚያህል ክፍተት ስለሌለ ፍላንጁ ሃዲዱን ይነካል፣ ብረት ብረትን ይፍቃል፣ ሲጥጥታውም ከሩቅ ይሰማል።

እንግዲህ ሾጣጣው ቅርጽ ሕገ ልቡናን፣ ፍላንጁ ኦሪትን ይመስላል ቢባል ምሳሌው ክርክሩን አንድ እርምጃ ያራምደዋል። ከአሥርቱ ትእዛዛት ስምንቱ በክልከላ መልክ የተሰጡ ናቸው፤ ክልከላ የገደሉን አፋፍ ያሳያል እንጂ መንገዱን አይሄድም። ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት ኦሪትን ልጅ እስኪያድግ ድረስ ከሚጠብቅ ሞግዚት ጋር ያመሳሰላት፣ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍም ሕግ የተሠራው ለጻድቅ እንዳልሆነ ያስተማረው ከዚህ አሳብ ጋር ይስማማል፤ ነቢዩ ኤርምያስም አዲሱ ኪዳን በልብ የሚጻፍ ሕግ እንደሚሆን አስቀድሞ ተናግሯል። ደራሲው ማን እንደሆነ ሊቃውንት የሚከራከሩበት ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ ከዚህ አልፎ ፈጣሪ ለሰው በሰጠው የልቡና ብርሃን የሃይማኖቶችን ሥርዓት ሁሉ ወደ መመርመር ይሄዳል። የመንኮራኩሩ አሠራር ግን ለልቡናውም ለተጻፈው ሕግም ቦታ አለው። ፍላንጅ የተጨመረው ቅርጹ ከንቱ ስለሆነ አይደለም፤ መንገዱ አንዳንድ ጊዜ ቅርጹ ሊከተለው ከሚችለው በላይ ስለሚጠብ ነው። ረኃብ፣ ቂም፣ ሥልጣንና ገንዘብ ለሰው ልቡና እንደዚህ ያሉ ጠባብ ኩርባዎች ናቸው፤ በእነርሱ ላይ መልካም ጠባይ ብቻውን ሊበቃ አይችልም።

ከልቡናው ሕግ ሌላ ኦሪት ያስፈለገችበት ሁለተኛው ምክንያት መበላት ነው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሕገ ልቡና በኃጢአት ደብዝዟል ሲል የልቡናን መጥፋት ሳይሆን የቅርጹን መበላሸት መናገሩ ነው። መንኮራኩርም ብዙ ከተሽከረከረ በኋላ ፊቱ መሀል ለመሀል ይጎደጉዳል፤ ያን ጊዜ ያልተበላው የውጭ ጠርዙ ከፍ ብሎ ይቀርና በባለሙያዎች አጠራር ሐሰተኛ ፍላንጅ የሚባለውን ይፈጥራል። እውነተኛው ፍላንጅ በልክ ተቀርጾ የተሠራ ሲሆን ሐሰተኛው ግን ከመበላት የተገኘ ነው፤ መስመር በሚለያይበት ቦታም ሃዲዱን እየመታ ይጎዳል። በማኅበረሰብ ውስጥም ከጠባይ መበላት የተነሣ ብቻ ሕግ መስሎ የቆመ ልማድ አለ፤ ክርስቶስ በማርቆስ ወንጌል ፈሪሳውያንን የገሠጸው የሰውን ወግ ከእግዚአብሔር ትእዛዝ በማስበለጣቸው ነበር። ለተበላ መንኮራኩር መድኃኒቱ ቶርኖ ላይ አውጥቶ እንደገና መቅረጽ ነው፤ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ፣ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የደረሰው አሮጌው መስመር ጥገናውን ያካሂድበት የነበረው ዋና ወርክሾፕ በድሬዳዋ የቆመውም ባቡር ያለ እንዲህ ያለ ሥራ መኖር ስለማይችል ነው። እያንዳንዱ ቅርጽ መመለስ ግን ከብረቱ ላይ ጥቂት ይወስዳል፤ ንስሐም እንዲሁ ዋጋ አያስከፍልም ማለት አይቻልም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ለፍልስፍና ቁም ነገር የሚሆነው ራስን የማቅናት ኃይል በአንዱ መንኮራኩር ውስጥ ብቻ አለመገኘቱ ነው። ወለላቸው ዝቅ ብሎ በተሠራ አንዳንድ የከተማ ባቡሮች ውስጥ አክስሉ እንዲቀር ተደርጎ እያንዳንዱ መንኮራኩር ለብቻው እንዲዞር ይደረጋል፤ እነዚህ መንኮራኩሮች ሾጣጣ ቢሆኑም ከባልንጀራቸው ጋር ስላልታሰሩ ወደ መካከል የሚመልሳቸውን ኃይል አብዛኛውን ያጡታል፣ ስለዚህም ሃዲዱን በፍላንጃቸው እየተደገፉ ይሄዳሉ። ከባልንጀራው እስራት የተፈታው መንኮራኩር ይበልጥ የክልከላ ጥገኛ ሆነ ማለት ነው። ነጻነትን ከማንም ጋር አለመተሳሰር አድርጎ የሚያይ አስተሳሰብ ይህን ሊመረምረው ይገባል፤ ጎረቤት፣ ዕድርና የሽማግሌ ሸንጎ በላሉበት ቦታ የፖሊስና የፍርድ ቤት ሥራ መብዛቱ በአጋጣሚ የሚሆን አይደለም።

የውስጥ ቅርጽም ቢሆን የራሱ አደጋ አለው። ጥንዱ ወደ መካከል ሲመለስ መካከሉን አልፎ ወደ ሌላው ወገን ይሄዳል፣ ከዚያም ይመለሳል፤ ጀርመናዊው መሐንዲስ ክሊንገል በ1883 እ.ኤ.አ. ይህን እባባዊ አካሄድ በቀመር አስቀምጦታል። ከላይ የተጠቀሰው ጥንድ አንዱን ወዲያና ወዲህ በ16 ሜትር ያህል ጉዞ ይጨርሳል። በዝግታ ሲሄድ ጉዳት የለውም፤ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ግን እያንዳንዱ መመለስ ከቀደመው እየበረታ ይሄድና ጥንዱ ሃዲዱን ግራና ቀኝ ይደበድባል። ይህን የሚገታው ቦጊው ነው፤ ጥንዶቹን በልክ ይዞ በሞላዎቹና አሞርዛተር በሚባሉት እንቅስቃሴ ማብረጃዎች ነውጡን ያበርደዋል። በመንፈሳዊ ሕይወትም ኅሊናው ከመጠን በላይ የሚወቅሰው ሰው ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየተወረወረ፣ ዛሬ ከአቅሙ በላይ እየጾመ ነገ ተስፋ እየቆረጠ ይኖራል፤ የንስሐ አባት ምክር ለእንዲህ ያለው ሰው ተጨማሪ ክልከላ ሳይሆን ማብረጃ ነው።

በዚህ ላይ መንኮራኩር ፈቃድ ስለሌለው የሰውን ኃላፊነት ሊያስረዳ አይችልም የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ተቃውሞው ትክክል ነው። ሆኖም ፈቃዱ ያለው በነጂው እጅ፣ ማለትም በፍጥነቱ ላይ ነው። ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አጠገብ አንድ የመንገደኞች ባቡር ፍጥነቱን ሳይቀንስ በኩርባ ላይ ወዳለ ድልድይ ገብቶ ከሃዲዱ ወጣና ገደል ገባ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም አለቁ። በእንዲህ ያለ ፍጥነት ፊት ቅርጽም ፍላንጅም አቅም የላቸውም። ስለዚህ ሕገ ልቡናም ሆነ ኦሪት የሰውን ፈቃድ አይተኩም፤ ሁለቱም የሚያገለግሉት ፈቃዱን በልክ የሚይዝ ሰው ሲኖር ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤል ባየው ራእይ መንኮራኩሮቹ የአርባዕቱ እንስሳ መንፈስ በውስጣቸው ስለነበረ ወደ ፈቀደበት ሁሉ ዘወር ሳይሉ ይሄዱ እንደነበር ተጽፏል፤ ቅርጽ፣ ሕግና ፈቃድ አንድ የሆኑበት እንዲህ ያለው ሁኔታ ለሰማያውያን የተነገረ እንጂ በዚህ ዓለም ያለ ሰው ዛሬ የሚመካበት አይደለም።

ከዚህ የሚወጣው ፍርድ እንደሚከተለው ነው። ኦሪት የመጣችው ሕገ ልቡና በተፈጥሮው ጎዶሎ ስለነበረ ሳይሆን መንገዱ ስለሚጠብና ልቡና ስለሚበላ ነው፤ ስለዚህ ሕግን የሚንቅ ሰውም፣ ሕግ ብቻ ይበቃል የሚል ሰውም ተሳስተዋል። በፍላንጁ ብቻ የሚሄድ ባቡር ለጊዜው ከሃዲድ ባይወጣም መንኮራኩሩንና ሃዲዱን አብሮ ይጨርሳል፤ በቅጣት ፍርሃት ብቻ የሚታዘዝ ሕዝብም እንዲሁ ራሱንና ሕጉን አብሮ ያደክማል። በቱምም ሆነ በአዲስ አበባ ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ፣ ጉባኤ የሚያስተምር መምህርና ሕግ የሚያወጣ ሹም ክልከላ ከመጨመራቸው በፊት ጠባይ የሚቀረጽበትን ቤት፣ ትምህርት ቤትና ማኅበር ሊመረምሩ ይገባል፤ የቅጣት ብዛት የሕግን ብርታት ሳይሆን የጠባይን መበላት የሚያሳይ ምልክት ነውና።