እዚያ ለሚወለደው ልጅ

«ሰው ከምድር ውጭ መኖር ይችላል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ግማሹ መልስ ከተገኘ ቆይቷል። ሩሲያዊው ሐኪም ቫሌሪ ፖልያኮቭ ሚር በተባለው የጠፈር ጣቢያ 437 ቀን ሳያቋርጥ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1995 በሰላም ተመልሷል። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያም ከ2000 መጨረሻ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ሰው አልባ ሆኖ አያውቅም። ግን ሁሉም እንግዶች ናቸው። ምግባቸውና መለዋወጫቸው ከምድር ይላካል፤ የባሰ ነገር ከመጣም 400 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደው በሰዓታት ውስጥ ምድር ይደርሳሉ። ሰፈራ ሲመጣ ነገሩ ይለያል፤ ሰው ይወለዳል፣ ያድጋል፣ ይቀበራል። ስለ ማርስ ሰፈራ ሲወራ እኔን የሚያሳስበኝ እዚያ የሚወለደው ልጅ ነው።

ልጁ የሚያድግበት ቤት ምን እንደሚመስል ለመገመት እዚሁ ምድር ላይ የተሞከረ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1991 በአሪዞና በረሃ ስምንት ሰዎች ባዮስፌር 2 በተባለ፣ ከአንድ ሄክታር ጥቂት በሚበልጥ የመስታወት ሕንጻ ውስጥ ገብተው በሩ ታሸገባቸው። እርሻ፣ ደን፣ ትንሽ ባሕር ሳይቀር ተሠርቶላቸው ነበር። ሐሳቡ ምግባቸውን እያመረቱ፣ አየራቸውን ከዕፅዋቱ እያገኙ ሁለት ዓመት እንዲኖሩ ነው። ኦክስጅኑ ግን ቀስ በቀስ ይጎድል ጀመር። ከ21 በመቶ ገደማ ተነስቶ በ16 ወር ውስጥ ወደ 14 በመቶ ወረደ፤ ስሜን ተራሮች ላይ 4,000 ሜትር ያህል ወጥቶ እንደ መኖር ማለት ነው። ሰዎቹ ትንፋሽ አጠራቸው፣ እንቅልፍ ነሳቸው። ምክንያቱ ሲጠና ሰብሉ እንዲያምር ተብሎ የተሞላው ለም አፈር ሆኖ ተገኘ። በአፈሩ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ኦክስጅኑን ይጨርሱታል፤ የሚያወጡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ የሕንጻው ኮንክሪት ይመጥጠዋል። በጥር 1993 ኦክስጅን ከውጭ ገባላቸው። ከግድግዳው ማዶ መላዋ ምድር ስለነበረች ችግሩ ተፈታ።

ማርስ ላይ ከግድግዳው ማዶ ያለው አየር ግፊቱ ከምድር አንድ መቶኛ አይሞላም፤ 95 በመቶው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። መንኮራኩር ለመላክ የሚመች ጊዜ የሚገኘው በ26 ወር አንዴ ነው፤ ጉዞውም ከግማሽ ዓመት በላይ ይፈጃል። ፐርሲቪራንስ በተባለችው ተሽከርካሪ ሮቦት ላይ የተገጠመችው ሞክሲ የተባለች መሣሪያ ከማርስ አየር ኦክስጅን ማውጣት እንደሚቻል አሳይታለች። ከ2021 እስከ 2023 ያወጣችው በጠቅላላው 122 ግራም ነው፤ ለአንድ ሰው ጥቂት ሰዓት የሚበቃ። ትልቅ ድል ነው፤ ከልቤ አከብረዋለሁ። ማርስን ለመረዳት የሚፈልጉ ተመራማሪዎች ወደ እኛው ዳሎል ይመላለሳሉ። በዚያ ጨዋማና አሲዳማ ምድር አካባቢ እንኳ አሞሌ የሚቆርጠው ሰው አየሩን ከማንም አይገዛም።

በታሸገ ከተማ ግን አየር ተመርቶ የሚታደል ነገር ነው፤ አምራች ካለው ደግሞ ባለቤት አለው። ምድር ላይ ግፈኛ ገዢ መሬት ነጥቋል፣ እህል ከልክሏል፣ ሰው አስሯል፤ አየርን ጎተራው ማስገባት ግን አልቻለም። እ.ኤ.አ. የ1967ቱ የጠፈር ስምምነት መንግሥታት ጨረቃንም ሆነ ሌላ የሰማይ አካል የራሳቸው ግዛት እንዳያደርጉ ይከለክላል። ስለ አየር ባለቤትነት ግን የሚለው የለም። ሠራተኛ አድማ ቢመታ «የሁላችንንም ሕይወት አደጋ ላይ ጣለ» በሚባልበት መንደር ተቃውሞ እንዴት ይኖራል?

ልጁ ሳይጠየቅ እዚያ መወለዱ ያሳስበኛል ስል «እኛስ የት እንደምንወለድ ማን ጠየቀን?» የሚል ሰው ይኖራል። ጠንካራ ሙግት ነው። ነገር ግን ምድር ላይ ክፉ ቦታ የተወለደ ሰው ተነስቶ መሄድ ይችላል። ከወሎ ተነስተው ጅቡቲን በእግራቸው አቋርጠው፣ ከኦቦክ በጀልባ ባሕር ተሻግረው ወደ ሳዑዲ የሚያቀኑ ወጣቶች አሉን። ያ መንገድ ስንቱን እንደ በላ ስለምናውቅ አላሞግሰውም፤ ቢሆንም መሄድ መቻል ራሱ የነጻነት ክፍል ነው። የማርሱ ልጅ ግን ይህን ላያገኝ ይችላል። የማርስ ስበት ከምድር ስበት 38 በመቶ ብቻ ነው። በዚያ ስበት አጥንቱ የጠና ልጅ ሃያ ዓመት ሲሞላው «ልሂድ» ቢል፣ ምድር ላይ ቆሞ መራመዱ ራሱ አጠራጣሪ ነው። ከምድር ውጭ የተወለደ ሰው እስካሁን የለምና ማንም ዋስትና ሊሰጠው አይችልም።

የሰው ዘር እንዳይጠፋ ሁለተኛ ቤት ያስፈልገዋል የሚለውን የኢሎን መስክን ሐሳብ አላቃልለውም። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ዳይኖሰሮችን ያጠፋው ዓይነት አለት ዳግም ሊመጣ ይችላል። ይሁን እንጂ መለዋወጫ ከምድር የሚጠብቅ መንደር ምድር ስትጠፋ አብሮ ይጠፋል። መጠባበቂያ የሚሆነው መድኃኒቱንም ብሎኑንም ራሱ መሥራት ሲችል ነው፤ ለዚያ ደግሞ ብዙ ትውልድ ያልፋል። በዚያ መካከል የሚወለዱት ልጆችስ? የፖለቲካ አሳቢዋ ሐና አረንት ስፑትኒክ ከተባለችው ሳተላይት መምጠቅ ተነስታ በጻፈችው እ.ኤ.አ. የ1958 መጽሐፏ፣ እያንዳንዱ ልጅ ሲወለድ አዲስ ነገር የመጀመር ችሎታ አብሮት ይወለዳል ትላለች። ሁለት መቶ ሰው ባለበት የታሸገ መንደር ግን የውሃ ማጣሪያውን የሚጠግነው ሲሞት ልጁ መተካት አለበት፤ ገጣሚ ልሁን ወይም አልስማማም ማለት ቅንጦት ይሆንበታል። ዓላማው ዓለምን ማዳን ቢሆን እንኳ ልጅን መሣሪያ አድርጎ መውለድን ልቀበል አልችልም።

ስለዚህ ተመራማሪዎች ወደ ጨረቃም ወደ ማርስም ይሂዱ፤ አውቀው፣ ፈቅደው፣ መመለሻቸው ተዘጋጅቶላቸው ይሂዱ። ልጅ መውለዱ ግን፣ ያ ልጅ አድጎ ወደ ምድር ቢመጣ ሰውነቱ እንደሚችል እስኪረጋገጥ፣ የሚተነፍሰውም አየር በአንድ ድርጅት ወይም በአንድ መንግሥት እጅ ብቻ እንዳይሆን ሕግ እስኪወጣለት ይቆይ። ለሮኬቱ ገንዘብ የሚመድቡትም የእነዚህን ሁለት ጥያቄዎች መልስ ከሮኬቱ እኩል ከአሁኑ ያዘጋጁ።