ሃምሳ ሎሚ፦ ሸክምን ለሰውና ለዘመን ማካፈል

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ምሳሌ ስለ መተጋገዝ ሲነገር በብዛት ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። ሃምሳ ሎሚ በአንድ ሰው ላይ ሲጫን ያጎብጣል። ለሃምሳ ሰው ሲታደል ግን ለእያንዳንዱ የሚደርሰው አንድ ፍሬ ነው፤ አንድ ሎሚ ደግሞ በእጅ ይያዛል፣ መዓዛው ያውዳል፣ በጥምቀት ጎረምሳው ለወደዳት ልጃገረድ ይወረውረዋል። ስለዚህ ምሳሌው የተካፈሉት ሸክም ይቀልላል ብሎ አያበቃም፤ ለተሸካሚው ክብር ይሆነዋል ይላል። እድር ሐዘንተኛን ከቀብር ወጪ የሚታደገው፣ ደቦም የአንዱን ማሳ በአንድ ቀን አጭዶ የሚያነሳው በዚሁ ስሌት ነው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪን ማስተማር ለአንድ ድኻ ቤተሰብ በእርግጥ ሃምሳ ሎሚ ነው። በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በሚሠራበት የወጪ መጋራት ሥርዓት ተማሪው ድርሻውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ መክፈል ስለሚችል የትምህርት ክፍያው በሩን አይዘጋበትም። የሚከብደው ሌላው ወጪ ነው፦ ከገጠር እስከተመደበበት ከተማ ያለው ትራንስፖርት፣ ደብተርና ፎቶ ኮፒ፣ ልብስና ጫማ፣ ለሴት ተማሪዎች የንጽሕና መጠበቂያ፣ ሲታመሙ መድኃኒት። ይህን የኪስ ገንዘብ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የቀድሞ ተማሪዎችና በውጭ የሚኖሩ የአገር ልጆች እያዋጡ ይሸፍኑታል። እስከዚህ ድረስ ምሳሌው በኑሮ ይረጋገጣል።

ፈተናው የሚመጣው ጊዜ ሲጨመርበት ነው። ምሳሌው ሃምሳውም ሰው በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ ላይ የተገኘ ያህል አድርጎ ይናገራል። ዲግሪ ግን በአብዛኛው አራት ዓመት ይፈጃል፤ ምህንድስናና ሕክምና ከዚያም ይረዝማሉ። በመጀመሪያው መስከረም ሃምሳ የነበረው አዋጪ በሁለተኛው ዓመት ሠላሳ፣ በሦስተኛው ዐሥራ አምስት ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ሥራ ያጣል፣ ሌላው ጎጆ ይወጣል፣ ሌላው ይሞታል። የተማሪው ችግር ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። ሦስት ዓመት ተምሮ ላቋረጠ ሰው ደግሞ የዲግሪ ሦስት አራተኛ አይሰጠውም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የተበጀው መላ ኢንዶውመንት ወይም ዘላቂ ፈንድ ይባላል። የተሰጠው ገንዘብ አይበላም፤ ትርፍ በሚያስገኝ ሥራ ላይ ይውላል። ከትርፉ ከፊሉ በየዓመቱ ለተማሪዎች ይሰጣል፣ የቀረው ከዋናው ጋር ተደምሮ የዋጋ ንረትን ይቋቋማል። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ ወጪ የሚደረገው ብዙውን ጊዜ ከፈንዱ ከ4 እስከ 5 በመቶ ነው። 150,000 ዶላር በአንድ ጊዜ ቢታደል ለ150 ተማሪዎች አንድ አንድ ሺህ ደርሶ ያልቃል። ዋናው ሳይነካ 4 በመቶው ብቻ ቢወጣ በየዓመቱ ስድስት ተማሪዎች አንድ ሺህ ዶላር ያገኛሉ፤ በ25 ዓመት ውስጥ 150,000 ዶላር ተሰጥቶ ዋናውም በቦታው ይቆያል። አሠራሩ ጥንታዊ ነው። በእስልምና ወቅፍ፣ ማለትም ገቢው ለበጎ ሥራ እንዲውል የተሰጠ የማይሸጥ ንብረት፣ የካይሮውን አል አዝሃርን የመሰሉ የትምህርት ማዕከላት ለዘመናት አኑሯል። በሃርቫርድም እ.ኤ.አ. በ1643 እንግሊዛዊቷ አን ራድክሊፍ ለድኻ ተማሪ መርጃ እንዲሆን 100 ፓውንድ ሰጥተዋል።

ምሳሌውን ከሁሉ በላይ የሚፈትነው የኦሴዮላ ማካርቲ ታሪክ ነው። ማካርቲ እ.ኤ.አ. በ1908 በአሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት ተወለዱ። የታመሙ አክስታቸውን ለማስታመም ከስድስተኛ ክፍል ትምህርታቸውን አቋርጠው፣ እስከ እርጅናቸው ድረስ በሃቲስበርግ ከተማ የሰው ልብስ እያጠቡና እየተኮሱ ኖሩ። መኪና አልነበራቸውም፤ ከሚያገኟት ጥቂት ገንዘብ በየጊዜው ባንክ ያስቀምጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995፣ በ87 ዓመታቸው፣ ከቆጠቡት ውስጥ 150,000 ዶላሩ በከተማቸው ላለው የደቡባዊ ሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ የነጻ ትምህርት ዕድል እንዲውል ሰጡ። ያ ዩኒቨርሲቲ እስከ እ.ኤ.አ. 1965 ድረስ እንደ እርሳቸው ያለ ጥቁር ተማሪ አይቀበልም ነበር።

ማካርቲ ሃምሳውን ሎሚ ብቻቸውን ተሸክመዋል። በምሳሌው ቃል ቢሆን ሸክሙ ሊጥላቸው ይገባ ነበር። ያልጣላቸው ሸክሙን ለዓመታት ስላካፈሉት ነው፤ በየጊዜው የምትቀመጠው ጥቂት ገንዘብ ለዚያ ጊዜ አንድ ሎሚ ነበረች። ከዚያ በኋላ ደግሞ ምሳሌው እንደ ቃሉ ሠራ። የከተማዋ ነጋዴዎች የስጦታውን ያህል አዋጥተው የመጀመሪያዋ ተማሪ በዚያው ዓመት መኸር እንድትረዳ አደረጉ፤ ከ600 በላይ ሰዎችም በፈንዱ ላይ ጨመሩበት። ይሁን እንጂ ታሪኩ የሚያስወቅስም ነገር አለው። በዝቅተኛ ክፍያ የኖሩ፣ በአጠገባቸው ያለው ዩኒቨርሲቲ በዘራቸው ምክንያት ተዘግቶባቸው የቆየ ሴት ሊሸከሙት የማይገባቸውን ነው የተሸከሙት። የአንድ ሰው ጥንካሬ ሕግና መንግሥት መሸከም የሚገባቸውን ለማሳነስ ሰበብ ሊሆን አይገባም።

ዘመንም ቢሆን ሸክም የሚያቀልለው ገንዘቡ ዋጋውን ሲጠብቅ ብቻ ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ የባንክ ቁጠባ ወለድ ከዚያ እጅግ ያነሰ ስለነበር በቁጠባ ደብተር ብቻ የተቀመጠ ፈንድ ተማሪ ሳይረዳ ይመነምናል። ስለዚህ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች የሚከራይ ሕንፃ መሥራታቸው ለዘላቂ ፈንድም ትምህርት ይሆናል። በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያም የአክሲዮን መንገድ ከፍቷል። ከዚህ ጋር ዋናው እንዳይነካ የሚያስገድድ የጽሑፍ ደንብ፣ ከአስመራጩ ዝምድና ነጻ የሆነ የተማሪ አመራረጥና በየዓመቱ ለሕዝብ የሚነበብ የኦዲት ሪፖርት ያስፈልጋሉ። እነዚህ የጎደሉበት ፈንድ የሰጪውን ልግስናም የተማሪውን ተስፋም ያባክናል።

ሰውና ዘመን ሲጣመሩ ስሌቱ ከሰፊው ሕዝብ አቅም በላይ አይደለም። መቶ የአንድ ዓመት ተመራቂዎች እያንዳንዳቸው በዓመት 5,000 ብር ለዐሥር ዓመት ቢያዋጡ መዋጮው ብቻ 5 ሚሊዮን ብር ይደርሳል። ትርፉ ከዋጋ ንረት በላይ ከሆነና 4 በመቶው ቢወጣ በዓመት 200,000 ብር ይገኛል፤ ይህም ለሃያ ተማሪዎች በዐሥሩ የትምህርት ወራት በየወሩ አንድ አንድ ሺህ ብር ነው። በዚህ ስሌት የማካርቲ ትዕግሥትና የእድር አሠራር አንድ ላይ ይሠራሉ።

ስለዚህ ምሳሌው በሕይወት ሲፈተን አይፈርስም፤ ይሰፋል። «ሃምሳ» የሚለው ቁጥር ሰውንም ዓመትንም እንዲያካትት ተደርጎ ሲተረጎም፣ ለተማሪ ድጋፍ ሦስት ነገር ያዝዛል፦ ለመጀመር ሰው ይብዛ፣ ለመዝለቅ ዋናው አይነካ፣ ለመታመን ሂሳቡ ይታይ።