ምንጩንም ከበጀቱ ጻፉት

በወሎ ቦረና፣ በአማራ ሳይንትና በለጋምቦ ወረዳ ሕዝቡ መርጦ ከምክር ቤት ወንበር ያስቀመጣችሁ ልጆቼ፣ ሐምሌ በገባ ቁጥር የበጀት ጉባኤ ትቀመጣላችሁ። አፈ ጉባኤው አጀንዳ ያስይዛል፣ ኃላፊው ሪፖርት ያነብባል፣ ገቢው ይህን ያህል አደገ፣ ምርቱ ይህን ያህል ጨመረ ይባላል፣ እጅ ይወጣል፣ ይጸድቃል። እኔ ዛሬ እጃችሁ ከመውጣቱ በፊት አፋችሁ እንዲከፈት ልለምናችሁ ነው የመጣሁት።

አባቶች "ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል" ያሉት ለሹመት ፈላጊ ብቻ አይመስለኝም። ያልጠየቀ ሰው የገዛ ራሱንም ያጣል። ሕዝቡ የወከላችሁ እንድትጠይቁለት ነው። ስለ መንገዱ ትጠይቃላችሁ፣ ስለ ማዳበሪያው ትጠይቃላችሁ፣ ስለ ግብሩ ትጠይቃላችሁ፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። ይህን ሁሉ በጀርባው ያዘለውን ተራራ ግን "እንዴት አደርክ?" የሚለው የለም።

እስቲ የከተማችንን የመካነ ሰላምን ገበያ በዐይነ ልቡናችሁ ዙሩት። ገብሱ አለ፣ ባቄላው አለ፣ ጤፉ አለ፣ ማሩና ቅቤው አለ፣ በጉም ተራ ይዞ ቆሟል። የወረዳው ገቢ የሚሰበሰበው ከነጋዴው ነው። ነጋዴው የሚነግደው ገበሬው ሲያመርት ነው። ገበሬው የሚያመርተው አፈሩ ካልሄደበት፣ ምንጩ ካልነጠፈበት፣ ለበሬው ሣር ካላጣ ነው። ከገንዘብ ቤቱ ካዝና የገባችው ብር እናቷ ማን እንደሆነች ብትጠይቁ፣ ዘሯ የሚቆጠረው እስከ ደጋው ጭጋግ ድረስ ነው። ታዲያ ልጅቱን እየቆጠርን እናቲቱን የማንቆጥር ከሆነ ምኑን ቆጠርነው?

ከመካነ ሰላም ብዙም ሳይርቅ የደንቆሮ ጫካ አለ። ታች ጽዱና ወይራው፣ ከፍ ሲል ኮሶውና አስታው፣ ከዚያም በላይ ጓሳውና ጅብራው እየተቀባበሉ እስከ ውርጩ አናት ይወጣሉ። በ2001 ዓ.ም. ፓርክ ተብሎ ተከለለ፤ ያኔ ስፋቱ 4 ሺህ ሄክታር ገደማ ነበር። ኋላ ከወረኢመኖ በኩል ተጨምሮበት ከ15 ሺህ ሄክታር በላይ ሆነ፤ ስሙም የቦረና ሳይንት ወረኢመኖ ብሔራዊ ፓርክ ተባለ። ጭላዳው፣ ድኩላው፣ ነብሩ፣ ሰሱ አሉበት። ቀይ ቀበሮም አለችበት፤ ይህችን ፍጥረት አምላክ ከኢትዮጵያ ምድር በቀር የትም አላኖራትም፤ በመላው ዓለም ያሉት ቢቆጠሩ ወደ 500 ብቻ ናቸው። ውሎዋን አይታችሁ እንደሆነ፣ አይጥና ፍልፈል ስታድን ነው የምትውለው። የገብሳችንን ጠላት የምትለቅም ደመወዝ የሌላት ዘበኛ ናት። ግልገል መውሰዷን አልክድም፤ ወደሱ ኋላ እመለሳለሁ።

ጫካው ደንቆሮ ይባል እንጂ የሚሰማስ እሱ ነው። ደመና ሲመጣ ሰምቶ ይቀበላል፣ ውሃውን በሥሩ አቅፎ ይከርምና በበጋ በትንሽ በትንሹ ይለቅልናል። መስማት ያቃተን እኛው ነን።

ይህን የምላችሁ ንጹሕ ነኝ ብዬ አይደለም። በ1966ቱ ረሀብ የ16 ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ፤ በ1977ቱ ደግሞ የልጆች አባት። በነዚያ ዓመታት ወሎ ምን እንዳየች ለእናንተ አልነግርም፤ ያላየ ቢኖር ከናቱ ሰምቷል። በዚያ ዘመን ተራራውን እርከን ሥሩለት፣ ዛፍ ትከሉበት ተባልን። ስንዴና ዘይት እየተሰፈረልን ድንጋይ ካብን፣ ጉድጓድ ቆፈርን፣ ተከልን። ዳገቱ ተከለለ፣ ከብትም እንዳይገባ ተባለ። ሥራው መልካም ነበር። ነገር ግን ተራራው የማን እንደሆነ የነገረን አልነበረም፤ "እናንተስ ምን ትላላችሁ?" ብሎ የጠየቀንም አልነበረም። ስንዴው የኛ፣ ዛፉ የመንግሥት መሰለን።

በ1983 መንግሥት ሲለወጥ፣ ጠባቂ ሲጠፋ፣ በየቀበሌው መጥረቢያ ይዞ ያልወጣ ሰው ጥቂት ነው። ብዙ የወሎ ተራራ በዚያ አንድ ወቅት ተላጨ። እኔም ወጥቻለሁ። ሦስት አህያ እንጨት አወረድኩ፤ ከእርከኑም ድንጋይ ነቅዬ በረት ካብኩበት። ሌላው ከሚወስደው ብዬ ነበር። ከመንደራችን በላይ እናቴ በእንስራ የምትቀዳው ምንጭ ነበር፣ ከኮሶ ሥር የሚፈልቅ፣ ክረምት ከበጋ የማይለይ። ዳገቱ ከተላጨ በኋላ መጀመሪያ በግንቦት ቀጠነ፣ ኋላ በሚያዝያ ነጠፈ፣ ዛሬ መጋቢትን አይሻገርም። የልጅ ልጄ ጀሪካን አዝላ ሩቅ ወርዳ ትቀዳለች። ያን እንጨት ሸጬ ያገኘሁትን ገንዘብ ምን እንደገዛሁበት አላስታውስም፤ የምንጩን ድምፅ ግን አልረሳሁትም። የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል። ያን ጊዜ ስልስ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ እንባው ነው ዘግይቶ የመጣው።

ስለዚህ ገደሉ ሲናድ "ገቢ ተገኘ" ተብሎ ሪፖርት እንዳይቀርብላችሁ ተጠንቀቁ። አሸዋ ከወንዝ ሲወጣ ገቢ ነው፤ የወንዙ ዳር ሲፈርስ ግን ከየትኛው መዝገብ ይጻፋል? ድንጋይ ሲፈነቀል ገቢ ነው፤ ከሥሩ የነበረው ግጦሽ ጎርፍ ሲሆንስ? ባሕር ዛፍ ሲሸጥ ገቢ ነው። ባሕር ዛፍን አልረግመውም፤ ቆርቆሮ ያለበሰን፣ ልጅ ያስተማረልን፣ ክፉ ቀን ያሻገረን እሱ ነው። ግን ምንጭ ዳር ሲተከል ውሃውን የሚጠጣው ከሰው ቀድሞ ነው። ገበሬው ይህን ያውቀዋል፤ ስለዚህ የት ይተከል፣ የት አይተከል ብሎ መምከር ለምክር ቤት ነውር አይደለም። በጓዳው ያለውን ዘር ፈጭቶ በልቶ "ዘንድሮ ጠገብን" የሚል ቤት አድጓል አይባልም።

ሌላም አለ። በየዓመቱ ጥር ላይ ሕዝቡ ለተፋሰስ ሥራ ይወጣል። ከ2011 ወዲህ ደግሞ አረንጓዴ አሻራ እየተባለ በክረምት ችግኝ ይተከላል። ሪፖርቱ የተተከለውን ይነግራችኋል። እናንተ የጸደቀውን ጠይቁ። የት ቦታ? ማን ያጠጣዋል? ከከብት ማን ይጠብቀዋል? ባለፈው ዓመት በዚሁ ጉድጓድ ተተክሎ አልነበረም ወይ? ልጅ የሚመሰገነው በመወለዱ ብቻ ሳይሆን በማደጉ ነው። መላሹ ቢቆጣ አትደንግጡ፤ ጥያቄ ጠብ አይደለም።

"ዝም አይነቅዝም" የሚለው ተረት ለግል ጠብ ይበጅ ይሆናል፤ ለሕዝብ አደራ ግን አይበጅም። እህል ጎተራ ውስጥ ዝም ብሎ ሲነቅዝ አይተናል።

ሕጉም ከናንተ ጋር ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል። በአንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን የሚነካ ዕቅድ ሲወጣ የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲሰጥ ያዛል። አዋጅ ቁጥር 299/1995ም ትልልቅ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በአካባቢ ላይ የሚያመጣው ጉዳት እንዲጠና ይጠይቃል። ጥናቱን "አሳዩን" ማለት የናንተ ፋንታ ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ መጠየቅ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

ጎረቤቶቻችን መንዞች ይህን ጥበብ ያለ አዋጅ ያውቁት ነበር። የጓሳን ተራራ የአስቦና የጌራ ዘሮች በቀሮ ሥርዓት ለመቶዎች ዓመታት ጠብቀውታል። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ቤት መክደኛው፣ ገመዱ፣ ግጦሹ ሲያስፈልግ በቀን ተቆርጦ ይከፈታል፤ ሳይከፈት የገባ ይቀጣል። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲወጣ ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ ሣሩም ክፉኛ ተጎዳ፤ ኋላ ሕዝቡ ራሱ ተሰብስቦ በማኅበር መልሶ አቆመው። ዛሬ ጓሳን ለማየት ሰው ከባሕር ማዶ ይመጣል፤ መንዜውም ሣሩን ያጭዳል። የጠበቁት ተራራ ሁለት ጊዜ ያበላል። የኛ ወረኢመኖ ጓሳስ ከነሱ በምን ያንሳል? የቀረው ተቀምጦ መማከሩ ነው።

ስትማከሩ ግን ጠባቂውን ብቻ አትስሙ። ፓርኩ ሲከለል የአያቱ ግጦሽ ውስጥ የቀረበት ሰው አለ። ጦጣና ዝንጀሮ ገብሱን የሚበላበት፣ ቀበሮ ግልገሉን የወሰደችበት፣ በብርድ ቤቱን ለማሞቅ አስታ ሲሸከም የተያዘ አለ። ይህን ሰው ከጉባኤው ውጭ ትታችሁ ጫካውን አድናለሁ ብትሉ የኔን የ1983 ታሪክ ነው የምትደግሙት። ከፓርኩ ከሚገኘው ጥቅም ለዳር ቀበሌው ምን ደረሰው? ሣሩን አጭዶ እንዲወስድ ተራ ተሰጥቶታል ወይ? ንብ አናቢ እንዲሆን፣ እንግዳ እንዲመራ፣ ጠባቂ ሆኖ እንዲቀጠር በሩ ተከፍቶለታል ወይ? ዛፍ የሚጠበቀው በሕግ ነው፤ ሕግ የሚጠበቀው ግን ጥቅሙን ባየ ሰው ነው። እኔ አይቼ የፈረድኩት ይህን ነው።

ደግሞም ፓርኩ ወረዳ ሳይለይ ነው የተቀመጠው፤ ስሙ ራሱ ይናገራል። እሳት ከሳይንት ቢነሣ ቦረናን አይለይም፤ በለጋምቦ በኩል የታረሰው ዳገት ጎርፉን የሚያወርደው ወደ ሌላው ነው። እናንተ ግን በየወረዳችሁ በየአዳራሻችሁ ለየብቻ ትቀመጣላችሁ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለም ወይ? በዓመት አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ሦስታችሁም ምክር ቤቶች በጋራ ተቀመጡና ስለዚህ ተራራ ተጠያየቁ። በአገራችን እድራችን ቅሬው ሙስሊም ክርስቲያኑን አንድ ላይ ያስቀምጣል፤ የጋራ ጸሎቱ ወዳጃ ሲያዝ ጎረቤት ከሩቅ ይጠራራል። እንግዲህ ሸኹንም መምሬንም ጠርታችሁ አስቀምጡ፤ የመስጊዱንና የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ግቢ ተመልከቱ። በየዳገቱ የነበረው ወይራና ጽድ የቀረው እዚያ ነው። ሰው እጁን የሚሰበስበው ከሚያከብረው ነገር ላይ ነው።

በዚህ ጠመንጃ በሚጮህበት ጊዜ ስለ ዛፍ ማውራት የጥጋብ ወሬ ነው የሚሉኝ አሉ። አልቀየማቸውም፤ የሰው ነፍስ ይቀድማል። ነገር ግን እርሻና ግጦሽ ባነሰ ቁጥር ወንድም ከወንድሙ በድንበር ሲዋጋ፣ ለሽምግልና ተጠርቼ ብዙ ደም አድርቄአለሁ። ከነዚያ ጠቦች የሚበዙት የተነሡት ከውሃና ከሣር ነው። ከተማችን መካነ ሰላም መባሏን አትርሱ።

በስተምዕራብ ገደሉ ሥር አባይ ይሄዳል። "የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው" ሲባል ሌላው ሰው ተረት ይለዋል፤ የኛ ሰው ግን ከገደሉ አፋፍ ሆኖ ወንዙን እያየ በመጋቢት ውሃ ፍለጋ ይዞራል። አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል ይሉበት የነበረው ጊዜ አለፈ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ግድቡ ተመርቆ አባይ ማደሪያ አገኘ። ለዚህ ግድብ ከዚህ ሰፈር ያላዋጣ ማን ነው? ዶሮ ሸጣ ቦንድ የገዛች እናት አውቃለሁ። አሁን ደግሞ ከኛ ዳገት ተጠርጎ የሚወርደው አፈር ወደዚያው ነው የሚሄደው። እርሻችንን ያጣነው እኛ፣ ደለሉን የሚሸከመው ያዋጣንበት ግድብ፤ ኪሣራው በሁለቱም ጫፍ የኛው ነው። እርከን ለመካብ በጀት የለም የሚል ኃላፊ ካጋጠማችሁ ይህን ንገሩት።

ልጆቼ፣ ልመናዬ ይኸው ነው። የመጪው በጀት ከመጽደቁ በፊት በወረቀት ከመጣላችሁ ሪፖርት ጋር አንድ ቀን ለእግራችሁም ስጡ። ከአዳራሹ ውጡና ከየቀበሌያችሁ አንድ አንድ ምንጭ ሂዱ። ውሃ የሚቀዱትን ሴቶች ጠይቋቸው፤ "ድሮ እስከ ስንት ወር ይቆይ ነበር? ዛሬስ?" በሉ። የሚነግሯችሁን ወር ጻፉና ከገቢው ሠንጠረዥ ጎን አስቀምጡት። በቀጣዩ ዓመትም ያንኑ ምንጭ ሄዳችሁ ጠይቁ። እኔም ጉልበቴ ካልከዳኝ ከናቴ ምንጭ ዳር ቆሜ እጠብቃችኋለሁ።