የወፍጮው ዕዳ

ልጆቼ፣ ባለፈው እሁድ እናታችሁ ቶናውን ሳትቀዳ ተኳርፋችሁ ተነሣችሁ። ታላቁ በሩን ገፍቶ ወጣ፣ ታናሹ ጓዳ ገባ፣ እሷ ስኒዎቹን እያየች ቀረች። የተጣላችሁት በውርስ አይደለም፤ በማንችስተር ዩናይትድ ነው። ይህን የምለው ነገሩን ላቃልለው ብዬ አይደለም። እኔም በጉብዝናዬ አዲስ አበባ ስታዲየም ሚስማር ተራ ቆሜ ድምፄ እስኪዘጋ የጮኽሁ ሰው ነኝ፤ ክለብ መውደድ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሁለታችሁንም ሳዳምጥ አንድ ነገር ከነከነኝ። አንዱ ባለቤቶቹን በጥላቻ ይመዝናል፣ ሌላው በዋንጫ ይመዝናል፣ በዕዳ የመዘናቸው የለም። ዕድሜዬን ሙሉ እህል ስገዛና ስሸጥ ኖሬአለሁና ስለ ዕዳ እኔ ልንገራችሁ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል።

በልጅነቴ አባቴ የሚያስፈጭበት ወፍጮ ቤት ነበር። ጌትየው ሲያረጁ ሸጡት። ገዢው ከኪሱ ያወጣው ጥቂት ነበር፤ የቀረውን ተበደረ። ለብድሩ ያስያዘው ቤቱን ወይም ከብቱን አልነበረም፤ ያንኑ የሚገዛውን ወፍጮ ነው። ወለዱም የሚከፈለው ከወፍጮው ገቢ ሆነ። በዓመቱ የማስፈጫው ዋጋ ተጨመረ። በሁለተኛው ዓመት ድንጋዩ መወቀር ሲገባው «ይቆይ» ተባለ። በሦስተኛው ዱቄቱ አሸዋ አሸዋ ይል ጀመር። እናቶች ያማርራሉ፤ ግን ሌላ ወፍጮ የግማሽ ቀን መንገድ ነውና ተመልሰው እዚያው ይመጣሉ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ደንበኛ አክባሪ፣ ሳቂታ ሰው ነበር። በሽታው ብድሩ ነው። አገሬው ሌሊትና ቀን ሲያስፈጭ የኖረው ለአበዳሪው ነበር።

አሜሪካዊው ማልኮም ግሌዘር እ.ኤ.አ. በ2005 ማንችስተር ዩናይትድን የገዙት በዚሁ መንገድ ነው። ክለቡ 790 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ተገመተ፤ ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላዩ ብድር ነበር። ዕዳ ያልነበረበት ክለብ በአንድ ጀምበር ባለዕዳ ሆነ፤ ራሱ የተገዛበትን ገንዘብ ራሱ እንዲከፍል ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት በወለድ፣ በትርፍ ክፍያና ከብድሩ ጋር በተያያዘ ወጪ ከክለቡ የወጣው ገንዘብ ከአንድ ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ነው። የክለቡ ሜዳ ኦልድ ትራፎርድም እንደዚያ ወፍጮ ድንጋይ ሳይወቀር ቆየ። በግንቦት 2024 ከአርሰናል ጋር በተጫወቱ ቀን ዝናቡ ከጣሪያው ላይ እንደ ፏፏቴ ሲወርድ ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን አየ።

አንተ ታናሹ፣ «በግሌዘሮች ጊዜ ስንት ዋንጫ እንደበላን ቁጠር» ብለሃል። ቆጠርሁ። በ2007፣ በ2008፣ በ2009፣ በ2011 እና በ2013 የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ፤ በ2008 በሞስኮ የሻምፒዮንስ ሊግ። እውነት ነው፣ ማንም ሊፍቀው አይችልም። ግን እርሻውን ማን አረሰው? ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ወደ ክለቡ የመጡት በ1986 ነው፤ ግሌዘሮች ሲገዙ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርተው ነበር። በ2013 ጡረታ ወጡ፤ ከዚያ ወዲያ የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫው ወደ ኦልድ ትራፎርድ አልተመለሰም። የኤፍኤ ካፕና የዩሮፓ ሊግ ድሎች መጥተዋል፣ አልክድም። ነገር ግን አንድን ባለቤት የምትመዝነው ከሌላ ሰው በተረከበው አዝመራ ሳይሆን እሱ በዘራው ዘር ከሆነ፣ ሚዛኑ ወዴት እንደሚያጋድል አንተው ታውቀዋለህ።

አንተ ታላቁ ደግሞ፣ «አንዲት ሳንቲም አላወጡም» አልህ። ይህም ልክ አይደለም። በ2016 ለፖል ፖግባ 89 ሚሊዮን ፓውንድ ተከፍሏል፤ ለሌሎችም ብዙ መቶ ሚሊዮን ወጥቷል። ክለቡ ገዝቷል። የገዛው ግን ደጋፊው በትኬት፣ በማሊያና በቴሌቪዥን ከከፈለው ከራሱ ገቢ ነው፤ ከግሌዘሮች ኪስ አይደለም። ክስህን በትክክል አቅርብ፤ የተሳሳተ ክስ ለተከሳሹ ማምለጫ ይሆናል። ቡድኑ በተሸነፈ ቁጥር፣ ተከላካዩ ኳስ ባመለጠው ቁጥር «ባለቤቶቹ ናቸው» ማለትም «የእናቴ መቀነት አደናቀፈኝ» ይሆናል። ጥፋታቸው በወረቀት ላይ የሰፈረ ነው፤ ሌላ መጨመር አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ቁርጡ ነገር ልምጣ፤ እኔን እንቅልፍ የነሣኝም ይኸው ነው። ጠባችሁ የጦፈው «ክለቡ ሊሸጥ ነው» በሚለው ወሬ ነው። ታላቁ፣ «ግሌዘሮች ብቻ ይሂዱ እንጂ ማንም ይግዛው» አልህ። ልጄ፣ «ማንም» የሚለው ቃል አስደነገጠኝ። የሄደውን መጥላት የሚመጣውን ከመመርመር አያድንም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች»።

በኅዳር 2022 ቤተሰቡ ለመሸጥም እንደሚያስብ ሲያስታውቅ የሆነውን አስታውስ። የኳታሩ ሼክ ጃሲም ቢን ሐማድ አል ታኒ ክለቡን ሙሉ በሙሉ እገዛለሁ፣ ዕዳውንም አነሣለሁ ብለው ቀረቡ። እንግሊዛዊው ሰር ጂም ራትክሊፍም ተወዳደሩ። ደጋፊው ወራት ሙሉ በአዲሱ ባለቤት ገንዘብ የሚመጡትን ተጫዋቾች ስም እየጠራ አደረ። በጥቅምት 2023 ሼኩ ራሳቸውን አገለሉ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሆኖ ቀረ። በገና ዋዜማ ራትክሊፍ የክለቡን ሩብ ድርሻ ለመግዛት ተስማሙ፤ የእግር ኳሱንም ሥራ በእጃቸው አደረጉ። ግሌዘሮችስ? ትልቁን ድርሻ እንደያዙ ቀሩ። «አልሸሹም፣ ዞር አሉ» ማለት ይህ ነው።

አዲሱ ሰው ማንችስተር አጠገብ የተወለዱ፣ ከልጅነት ጀምሮ የክለቡ ደጋፊ ናቸው፤ ሰው ተስፋ ያደረገውም ለዚህ ነው። ገንዘብም አምጥተዋል፤ 300 ሚሊዮን ዶላር ወደ ክለቡ እንዲገባ አድርገዋል። ግን ጉድጓዱ ጥልቅ ነበርና በ2024 ወደ 250 የሚሆኑ ሠራተኞች ተቀነሱ፤ በ2025 ደግሞ እስከ 200 የሚደርሱ ሌሎች እንደሚቀነሱ ተነገረ። ውድድሩ በመካሄድ ላይ ሳለ የቀሩት ትኬቶች ዋጋ 66 ፓውንድ ሆነ፤ በእነሱም ላይ ለሕፃንና ለአረጋዊ የሚደረገው ቅናሽ ቀረ። ቡድኑም በ2025 ከሃያ ክለብ አሥራ አምስተኛ ወጣ። ትኬት የሚቆርጡት፣ ቢሮ የሚያጸዱት፣ ምሳ የሚያቀርቡት ሰዎች ብድሩን አልፈረሙም። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ»። እኔ ከዋንጫው ሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። አያት የልጅ ልጁን ይዞ ወደ ሜዳ የሚገባበት በር ሲጠብ ክለቡ ነገ ደጋፊ ከየት ያበቅላል?

ታዲያ «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ልበል? አልልም። ይህ ተረት እዚህ ቦታ አይሠራም። ኒውካስልን ተመልከቱ። ማይክ አሽሊ ከ2007 ጀምሮ አሥራ አራት ዓመት ያዙት፤ ክለቡ ሁለት ጊዜ ወረደ። በጥቅምት 2021 የሳዑዲ አረቢያ የመንግሥት ኢንቨስትመንት ፈንድ ከተባባሪዎቹ ጋር በ305 ሚሊዮን ፓውንድ ሲገዛው ሕዝቡ ስታዲየሙ በር ላይ በደስታ ዘፈነ። በ2025 የሊግ ካፑን አነሡ፤ ከ1955 ወዲህ በአገር ውስጥ ያገኙት የመጀመሪያ ዋንጫ ነው። ሰባ ዓመት የጠበቀ ሰው ቢያለቅስ አልፈርድበትም። ገንዘቡ የመንግሥት ከሆነ ግን ከገንዘቡ ጋር የመንግሥቱም ስም አብሮ ይመጣል፤ ደጋፊው ስለ ኳስ ሲጠየቅ ስለ እስር ቤትና ስለ ተገደለ ጋዜጠኛም መልስ እንዲሰጥ ይገደዳል። ይህንን ሸክም ለመሸከም ፈቃደኛ መሆንህን አስቀድመህ ራስህን ጠይቅ እንጂ፣ ዋንጫው ከመጣ በኋላ አይደለም።

ከማንችስተር በስተሰሜን ቤሪ የምትባል ከተማ አለች። ክለቧ በ1885 የተመሠረተ፣ በ1900 እና በ1903 የኤፍኤ ካፕን የወሰደ ነው። በታኅሣሥ 2018 በአንድ ፓውንድ ተሸጠ። አዎ፣ በአንድ ፓውንድ። ገዢው ክለቡን የሚያስተዳድርበት ገንዘብ እንዳለው ሳያረጋግጥ ሽያጩ አለፈ፤ ተቆጣጣሪ የነበረው የሊጉ አስተዳደር «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ሆነ። በነሐሴ 2019 መጨረሻ፣ አዲስ ገዢ ይመጣል በተባለበት ዕለት፣ ደጋፊዎቹ መጥረጊያና ባልዲ ይዘው ሜዳቸውን ሊያጸዱ መጡ። ቅዳሜ ጨዋታ ይኖራል ብለው ነበር። የዚያኑ ዕለት ማታ ክለቡ ከሊጉ ተሰረዘ። የክለቦችን ባለቤቶች የሚመረምር ገለልተኛ ተቆጣጣሪ የሚያቋቁመው ሕግ በእንግሊዝ የጸደቀው በ2025 ነው፤ ለቤሪ ሰዎች «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው። እነዚያን መጥረጊያ የያዙ ሰዎች ባሰብሁ ቁጥር «ማንም ይግዛው» የሚለውን ቃል ከአፍህ ላወጣው እፈልጋለሁ።

ስለዚህ ገዢ መጣ ሲባል የሚመጡትን ተጫዋቾች ስም ከመጥራታችሁ በፊት ብድሩን ማን ይፈርማል፣ መያዣው ምንድን ነው በሉ። ቀጥሎ ሜዳው በማን ስም ነው? የቼልሲ ደጋፊዎች ይህን ያውቃሉ። የስታምፎርድ ብሪጅ መሬትና የክለቡ ስም ያለው ደጋፊዎች ባለአክሲዮን በሆኑበት ማኅበር እጅ ነው፤ በ2011 ክለቡ መልሼ ልግዛ ሲል በድምፅ ከለከሉት። አብራሞቪች ያህል ባለጸጋ ያን ጊዜ ባለቤታቸው ነበር፣ እነሱ ግን መሬቱን አልለቀቁም። ድምፁስ የማን ነው? ማንችስተር ዩናይትድ በ2012 በኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሲገባ የቤተሰቡ አንድ አክሲዮን አሥር ድምፅ እንዲኖረው፣ ከገበያ የሚገዛው አንዱ ግን አንድ ድምፅ ብቻ እንዲኖረው ተደረገ። ታናሹ፣ አክሲዮን ገዝቼ ባለቤት እሆናለሁ ስትል ይህን አስብ።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» የሚለውን ታውቃላችሁ። በሚያዝያ 2021 አሥራ ሁለት ትልልቅ ክለቦች ደጋፊያቸውን ሳይጠይቁ የአውሮፓ ሱፐር ሊግ እናቋቁማለን ሲሉ፣ የተናቀው ባለቤት ደጋፊው ነበር። ነገሩ በጥቂት ቀን ፈረሰ። በፈረንጆቹ ግንቦት 2 ቀን የዩናይትድ ደጋፊዎች ኦልድ ትራፎርድ ገብተው የሊቨርፑል ጨዋታ እስኪተላለፍ ድረስ ተቃወሙ። በዚያ ቀን የተጎዳ ሰው ነበርና ሁሉን አላመሰግንም። ከዚያ ይልቅ የማደንቀው የቀድሞዎቹን ነው። በ1998 የቴሌቪዥን ኩባንያው ቢስካይቢ ክለቡን በ623 ሚሊዮን ፓውንድ ሊገዛ ሲል ደጋፊዎቹ ተደራጁ፣ ጻፉ፣ ለመርማሪው አካል ማስረጃ አቀረቡ። በሚያዝያ 1999 መንግሥት ሽያጩን ከለከለ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»። በወሩ ቡድኑ ሦስት ትልልቅ ዋንጫዎች አነሣ።

በ2005 ግን ያው ደጋፊ ለሁለት ተከፈለ። አንዳንዶቹ ለዕዳው አንከፍልም ብለው ወጡ፤ ኤፍሲ ዩናይትድ ኦፍ ማንችስተር የሚባል፣ እያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ ያለው ክለብ ከታችኛው ሊግ ጀመሩ፤ በ2015 የራሳቸውን ሜዳ ከፈቱ። ሌሎቹ ቀሩ፤ በ2010 ክለቡ በኒውተን ሂዝ ስም በተመሠረተበት ዘመን የለበሰውን አረንጓዴና ወርቃማ ቀለም በአንገታቸው ጠምጥመው እዚያው ወንበራቸው ላይ ተቃወሙ። አብረው ያደጉ ሰዎች፣ በአንድ መኪና ወደ ሜዳ ይሄዱ የነበሩ ጓደኛሞች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ተለያዩ። የወጣው ከሃዲ አልነበረም፣ የቀረውም አድርባይ አልነበረም፤ ሁለቱም ያንኑ ክለብ ይወዱ ነበር። እናንተን እሁድ ሳያችሁ እነሱ ትዝ አሉኝ። እነሱ ቢያንስ ከኪሳቸው የሚከፍሉት ትኬት ነበር የለያቸው። እናንተን የለያችሁ ምንድን ነው?

ታላቁ፣ በሩን የገፋኸው አንተ ነህና ቀድመህ የምትደውለው አንተ ነህ። «ዋንጫው እውነት ነው» በለው። ታናሹ፣ ስልኩን አንሣ፤ «ዕዳውም እውነት ነው» በለው። ከዚያ በላይ ዛሬ መነጋገር የለባችሁም። ቅዳሜ እናታችሁ ቡና ታፈላለች፤ ሁለታችሁም ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ድረሱ፤ እኔም ቆሎውን ይዤ እመጣለሁ።