የቅዳሴያችንን አባቶች እናንብብ

ጠዋት ከለቡ ወደ ሜክሲኮ የሚሄድ ታክሲ ለመያዝ የተሰለፈውን ሰው ልብ ብላችሁ እዩት። ብዙው ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ መዝሙር ወይም ስብከት ይሰማል። የሚያስመሰግን ነገር ነው፤ ቀኑን በእግዚአብሔር ቃል ሊጀምር የፈለገ ሰው ነው። ግን ስብከቱ ሲያልቅ ምን ያነባል? ቤቱ መጽሐፍ ቅዱስ አለ፤ ውዳሴ ማርያም አለ፤ ምናልባት አንድ ሁለት ድርሳን ይኖራል። ከዚያ ወዲያ ብዙዎቻችን ጋ ምንም የለም። እምነታችን ሥር እንዲሰድ ከፈለግን የአባቶችን መጻሕፍት ማንበብ አለብን ብዬ በሙሉ ልቤ አምናለሁ።

«መጽሐፍ ቅዱስ ካለኝ ሌላ ምን ያስፈልገኛል?» የሚል ወንድም ወይም እኅት ይኖራል። ጥያቄው ከቅን ልብ ነውና በአክብሮት ልመልስ። የሐዲስ ኪዳንን 27 መጻሕፍት አንድ በአንድ ቆጥሮ፣ በ367 እ.ኤ.አ. በላከው የፋሲካ መልእክት ለምእመናን ያሳወቀው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። ፍሬምናጦስን፣ የእኛን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከልንም እሱ ነው። ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱም በስሙ ይጠራል። ታዲያ ጳጳስ የላከልንን፣ በስሙ የምንቀድሰውን አባት አንድ ገጹን እንኳ ሳናነብ ዕድሜያችን ይለቅ? ባስልዮስም፣ ቄርሎስም፣ ዮሐንስ አፈወርቅም እንዲሁ ናቸው። ስማቸውን በቅዳሴ እንሰማለን፤ ያስተማሩትን ግን አናውቅም።

በአብነት ትምህርት ቤት ከብሉይና ከሐዲስ ጉባኤ ጋር የሊቃውንትና የመነኮሳት ጉባኤ የሚዘረጋው በከንቱ አይደለም። ሊቃውንቱ የሚነበቡት መጽሐፍ ቅዱስን ለመተካት ሳይሆን ከእኛ በፊት እንዴት እንደተነበበ ለማወቅ ነው።

መጽሐፍ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ይህን ስሙ። ታላቁ መናኝ ቅዱስ እንጦንስ ካረፈ ብዙም ሳይቆይ አትናቴዎስ ታሪኩን ጻፈ። መጽሐፉ ከግብፅ ባሕር ተሻግሮ ዛሬ በጀርመን ካለችው ከትሪር ከተማ ደረሰ። በዚያ ሁለት የንጉሠ ነገሥቱ ሹማምንት ከቅጥሩ ውጪ ሲንሸራሸሩ አንዲት የመናንያን ጎጆ አግኝተው ገቡ፤ መጽሐፉም እዚያ ነበር። አንደኛው አንሥቶ ማንበብ ጀመረ። እያነበበ ልቡ ተነካ፤ ሹመቱን ትቶ እዚያው ለመቅረት ቆረጠ፤ ጓደኛውም ተከተለው። እጮኞቻቸውም ይህን በሰሙ ጊዜ ድንግልናቸውን ለእግዚአብሔር ሰጡ። ይህን ታሪክ ሚላን ላይ ከእንግዳ አፍ የሰማው አውግስጢኖስ ነበር። በኑዛዜው መጽሐፍ እንደጻፈው፣ ከራሱ ጋር ተሟግቶ፣ አልቅሶ፣ ሕይወቱን ለክርስቶስ የሰጠው በዚያው ዕለት ነው። አትናቴዎስ ሲጽፍ ከእነዚህ ሰዎች አንዱንም አያውቅም ነበር።

ከየት እንጀምር? ምክሬ ሃይማኖተ አበው ነው። የአትናቴዎስና የሌሎች አባቶች ቃል ተሰብስቦ ይገኝበታል፤ ስለ ሥላሴና ስለ ክርስቶስ ሥጋ መልበስ የምናምነውን በአባቶች አንደበት ያስረዳናል። ግእዙና አማርኛው ጎን ለጎን የታተመውን ፈልጉ። አማርኛውን እያነበባችሁ ዐይናችሁ ወደ ግእዙ ዓምድ ሲሻገር ከቅዳሴ የምታውቁትን ቃል ታገኛላችሁ፤ በቀጣዩ እሑድ ያ ቃል ሲዜም ልባችሁ ይነቃል። የዕብራውያን መልእክት የከበደው ሰው የዮሐንስ አፈወርቅን ድርሳን ይያዝ። የራሳችንን ሊቅ ማወቅ ለሚፈልግ ደግሞ የአባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ መጽሐፈ ምስጢር አለ። አባ ጊዮርጊስ በሐይቅ እስጢፋኖስ ትምህርት አልገባ ብሎት እህል ሲፈጭ እንደኖረና በእመቤታችን ምልጃ እንደተገለጠለት አባቶች ይነግሩናል። ማንበብ ይከብደኛል ለሚል ሰው ከዚህ የበለጠ ማጽናኛ አላውቅም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ፣ መጽሐፈ መነኮሳት የምንላቸው ሦስቱ፣ በቅድሚያ የተጻፉት ለገዳም ሰው ነው። ማር ይስሐቅ የነነዌ ጳጳስ ሆኖ በጥቂት ወራት ሹመቱን ትቶ በረሃ የገባ፣ ከንባብና ከተጋድሎ ብዛት ዐይኑ እንደጠፋ የሚነገርለት አባት ነው። ልጅ እያሳደገ፣ ቢሮ እየዋለ፣ በታክሲ ሰልፍ የሚቆም ሰው የእሱን ጾምና ተጋድሎ በራሱ ፈቃድ ልፈጽም ቢል ወይ ይታመማል፣ ወይ ተስፋ ቆርጦ ሁሉንም ይተዋል፣ ወይም ጎረቤቱን መናቅ ይጀምራል። ሦስተኛው ከሁሉ ይከፋል። ስለዚህ እነዚህን ስታነቡ የነካችሁን ቦታ አስምሩና ለንስሐ አባታችሁ አሳዩ፤ ለእናንተ የሚሆነውን እሳቸው ይለኩላችሁ። ኢሳይያስን በሠረገላ ላይ ሲያነብ የነበረው ጃንደረባችንም ትርጉሙን ያገኘው አስተማሪ ጠይቆ ነው።

መጻሕፍቱ ሩቅ አይደሉም። በንግሥ ቀን ከጧፉና ከነጠላው ጎን ተደርድረው ይሸጣሉ። አምስት ገዝታችሁ አትደርድሩ፤ አንድ ግዙ፣ እሱን ጨርሱ። አቅም ካነሰ ሁለት ሦስት ጎረቤት አዋጥታችሁ ግዙና በየተራ አንብቡ፤ በጽዋ ማኅበራችሁም ከጸበል ጸሪቁ በፊት አንድ ገጽ ይነበብ። ከለቡ ጣቢያ ባቡር ተሳፍሮ ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ሰው ደግሞ ረጅም ሰዓት አለውና መጽሐፉን ከስንቁ ጋር ይያዝ።

ልጆች ላሏችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ስንክሳር ለየቀኑ የቅዱሳን ታሪክ አለው፤ አብዛኛው ለልጅ የሚገባ ነው። ማታ ከእራት በኋላ ቴሌቪዥኑ ይጥፋና የዕለቱን አማርኛ ትልቁ ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ። የከበደውን ቃል እናቱ ወይም አባቱ ይንገሩት፤ እነሱም ካላወቁት ወረቀት ላይ ጽፈውት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልጁ ራሱ ቄሱን ይጠይቅ።