ደንገጡሯን የረሳችሁ፣ ንስሐ ግቡ

አባቶችና ወንድሞች ስሙ! ኩዌት ውስጥ ሳልሚያ ላይ የሠራተኛዋን ፓስፖርት በመሳቢያ የቆለፈችውን ማዳም መርገም ቀላል ነው። በየቡና ቤቱ ስንረግማት ኖረናል። የዛሬው ተግሣጽ ግን አስቀድሞ ለእኛ ነው፤ ልጃችን ኩዌት ደርሳ የተናቀችው ከአገሯ ተንቃ ከወጣች በኋላ ነውና።

የንግሥተ ሳባን ታሪክ የማያውቅ የለም። በጨርቅ ላይ በየአራት ማዕዘኑ ተከፋፍሎ በሚሣለው ሥዕል ውስጥ ከንግሥቲቱ ጋር ደንገጡሯ አለች። በቃል በሚወርደው ትውፊት፣ ሌሊት ጥም አቃጥሏት ተነሥታ ውኃ የጠጣችው አስቀድማ እርሷ ናት፤ ሰሎሞንም ከሁለቱም ጋር ተኛ። የዛጉዌ ነገሥታት ከደንገጡሯ ልጅ ወረዱ ይባላል። የነገሥታት እናት ናት ብለን እያወራን እንኳ ስሟን የሚጠይቅ አልተገኘም። ለንግሥቲቱስ ምን አደረግንላት? ክብረ ነገሥት የማክዳን ጥበብ አመስግኖ ሲያበቃ፣ ከእንግዲህ በዙፋኑ ወንድ እንጂ ሴት እንዳትነግሥ መሐላውን በራሷ አፍ አስገብቶ መኳንንቱን አስማለ። እመቤቲቱን ከዙፋን አወረድን፤ አገልጋይቱን ስም ነፈግን። ከዚህ በኋላ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» እያልን መተረት ምን ያስደንቃል?

ተረቱ ተረት ሆኖ አልቀረም፤ ቤት ውስጥ ገብቶ ይፈርዳል። ወሎ ገጠር ደላላ ሲመጣ ፍርዱ አስቀድሞ ያለቀ ነው፦ ወንዱ ይማር፣ እሷ ዓረብ አገር ትሂድ። ደላላው ለአቅመ ሥራ ባልደረሰችው ላይ ዕድሜ ይጨምራል፤ ክርስቲያን ከሆነች የሙስሊም ስም ያወጣላታል። አባት ያያል፣ ዝም ይላል። የገዛ ልጁ ስም ሲቀየር ያልተቆጣ አባት፣ ማዳሟ በሌላ ስም ብትጠራት በምን አፉ ይቆጣል?

ኩዌትስ? ሕግ አላት። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ቁጥር 68 ሕግ የቤት ሠራተኛ በቀን ከ12 ሰዓት በላይ እንዳትሠራ፣ በሳምንት አንድ ቀን እንድታርፍ፣ ፓስፖርቷም እንዳይያዝባት ደንግጓል። በ2016 ዝቅተኛው ደመወዝ 60 ዲናር እንዲሆን ተወሰነ። ነገር ግን የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ኢቃማዋ፣ የታሰረው ከፊል በሚባለው አሠሪዋ ነው። ደመወዝ ቢከለክላት፣ ቢደበድባት፣ ከቤቱ ስትወጣ «ጠፍታለች» ብሎ የሚያመለክተው እርሱ፣ የምትፈለገው እርሷ ናት። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 አንዲት ኢትዮጵያዊት ከሰባተኛ ፎቅ መስኮት ተንጠልጥላ ያዢኝ እያለች ስትማጸን፣ አሠሪዋ እጇን ከመዘርጋት ይልቅ በስልኳ ቀረጸቻት። ልጅቱ ወደቀች፤ እግዚአብሔር ነፍሷን አተረፋት። በ2019 ደግሞ ቢቢሲ ዓረብኛ ኩዌት ውስጥ የቤት ሠራተኞች በስልክ መተግበሪያና በኢንስታግራም ሲሸጡ አጋለጠ። ከነዚያ መካከል አንዲት የ16 ዓመት የጊኒ ልጅ ነበረችበት።

እናንተ በኩዌት የሐዋሊና የጃብሪያ የቤት ባለቤቶች፣ ይህን እወቁ። መካ ወጥታችሁ በሰፋና በመርዋ መካከል ሰባት ጊዜ የምትመላለሱት፣ ለልጇ ውኃ ፍለጋ የሮጠችውን አጋርን እያሰባችሁ ነው። አጋር አገልጋይ ነበረች፣ የአፍሪካ ምድር ልጅ። የእርሷን ዱካ እየተከተላችሁ፣ በእርሷ ብጤ ላይ በር የምትቆልፉ ከሆነ፣ ድካማችሁ ለምን ይቆጠርላችኋል?

እኛ ግን ከእነርሱ በምን እንሻላለን? ከመስኮት የተንጠለጠለችውን ልጅ ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ አስተላልፈን ከንፈር መጠጥን፤ ዞር ብለን የቤታችንን ሠራተኛ «አንቺ» ብለን ጠርተን ቡና አስፈላን። የምትተኛው ኩሽና ወለል ላይ ነው፤ እሑድ ሥራዋ ይበዛል እንጂ አይቀንስም። የኩዌት ሕግ ቢጣስም በወረቀት ላይ አለ። የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን የቤት ሠራተኛን ከራሱ አውጥቶ ለደንብ አሻግሯታል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በአባቷ ትዕቢት ቤት ለቀረችው ለሰብለ ወንጌል አልቅሰናል። ኩዌት ውስጥ በር ለተቆለፈባት እህታችን ግን ከእንባ ይልቅ የምንዛሪ ዋጋ ጠየቅን።

ዓርብ ከሰዓት ኩዌት ውስጥ ፈርዋኒያ ሂዱና ገንዘብ መላኪያው ደጅ ላይ የቆሙትን እዩ። እረፍት ያገኘችው ዕድለኛ ናት። ዲናሩን በጨርቅ ጠቅልላ ይዛ፣ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ የወንድሟን የድምፅ መልእክት ትሰማለች፦ የባጃጁ ቅድመ ክፍያ ጎደለ፣ የእናቴ መድኃኒት አለቀ፣ ቶሎ በይ። ብትሰሚው ይገርምሻል እህቴ፤ በዚያ ሁሉ መልእክት ውስጥ «በልተሻል ወይ? ደመወዝሽን ይሰጡሻል ወይ?» የሚል የለም። ዓመታት ሠርታ ስትመለስ ቤቱ በወንድሟ ስም ተሠርቶ ታገኘዋለች። ይባስ ብሎ በገንዘቧ የተሞሸረው ጎረምሳ «የዓረብ አገር ሴት ምን ሆና እንደመጣች ማን ያውቃል» ብሎ ያማታል። በላብሽ የበላ አፍ ሲያማሽ፣ ይህ ከማዳሟ ዱላ በምን ያንሳል?

ስለዚህ ንስሐ እንግባ፤ ንስሐም በከንፈር አይደለም። አባት ሆይ፣ ልጅህን ለደላላ አሳልፈህ በሰጠህበት አፍህ ይቅርታ ጠይቃት። ወንድም ሆይ፣ የባንክ ደብተሩን በስሟ አድርግ፤ የቤቱን ካርታም አዛውርላት፤ ያባከንከውንም ሠርተህ መልስ። ደላላ ሆይ፣ በዕድሜ ባልደረሰች ልጅ ላይ የጨመርከው ዓመት ሁሉ በነፍስህ ላይ ይቆጠራል፤ ተው! የሃይማኖት መምህራን፣ ከኩዌት ለሕንፃ ማሠሪያ የመጣውን ዲናር ስትባርኩ የላከችው በር ተቆልፎባት እንደሆነ ጠይቁ። ጸሐፊዎች፣ በሚቀጥለው ልብ ወለዳችሁ ቡና ይዛ ገብታ ለምትወጣው ልጅ ስም ስጧት። እኔና አንተ፣ አንቺም፣ ዛሬ ማታ የቤታችንን ሠራተኛ በስሟ ጠርተን ደመወዟን ሳናጎድል እንክፈል፣ እሑድንም እንስጣት። ይህን ሳናደርግ የኩዌትን ማዳም ልንወቅስ አፍ የለንም።