ስስት፦ ንባቡና አንድምታው

ስስት። ዘሩ ግዕዝ ነው፤ ሠሥዐ ካለው ይወጣል፤ ሳሳ፣ ጎመጀ፣ አልጠግብ አለ ሲል ነው። ሥሡዕ ያለው ስስታሙን ነው።

አንድም፣ የሆድን ነው። ሐተታ፦ መምህራን ጌታ በገዳመ ቆሮንቶስ ተፈትኖ ድል የነሣቸውን አርእስተ ኃጣውእ (ዋና ዋና ኃጢአቶች) ሲቆጥሩ ስስት፣ ትዕቢት፣ ፍቅረ ንዋይ ይላሉ። ስስት ያሉት ዲያብሎስ ድንጋዩን እንጀራ አድርግ ያለበትን ነው፤ ይህንም በትዕግሥት ድል ነሣው። ፍቅረ ንዋይን ምነው ለብቻው ቆጠሩት ቢሉ፣ ስስት ከገንዘብ ይቀድማልና፤ ገንዘብ የማያውቅ ሕፃን እንኳ ይሳሳል። አዳምም የወደቀው በመብል ነው።

አንድም፣ ስስ ካለው፤ ስስ ጨርቅ ገላን እንደማይሸፍን የስስታም ዓይንም ሐሳቡን አይሸፍንም። ይህ ግን ድምፅ የጠራው ትርጓሜ ነው እንጂ ሥር የያዘ አይመስለኝም።

አንድም፣ የዓይንን ነው። ታሪክ፦ ኢያሪኮ በእስራኤል እጅ በወደቀች ጊዜ አካን የሚባል እስራኤላዊ እንዳይነካ እርም ከተባለው ላይ አንድ የሰናዖር ካባ፣ 200 ሰቅል ብር፣ 50 ሰቅል የሚመዝን ወርቅ አየ፤ ወደደ፤ ወሰደ። በድንኳኑ ውስጥ መሬት ቆፍሮ ቀበረው፤ ብሩን ከሥር አደረገ። በእርሱ ጠንቅ በጋይ ጦርነት ከእስራኤል 36 ያህል ሰው ወደቀ። ካባ ለመልበስ ነው፤ ያን ካባ ለብሶ ቢወጣ ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቅበታል። የማይለብሰውን ምነው ወሰደ ቢሉ፣ ስስት መጠቀምን አይሻም፤ የሌላ እንዳይሆን ብቻ ይሻልና።

አንድም፣ የነገን ፍርሃት ነው፤ መናውን አሳድረው እንዳስተሉት እንደ እስራኤል።

አንድም፣ ፍቅር ነው። እናት ለአንድ ልጇ ትሳሳለች፤ ተኝቶ ሳለ ትንፋሹን ጎንበስ ብላ ታዳምጣለች። ምነው ያው ቃል ለኃጢአትም ለፍቅርም ሆነ ቢሉ፣ ሁለቱም ያልቅብኛል፣ ያመልጠኛል ባይ ናቸውና። እናትን ግን ስስታም የሚላት የለም፤ ከአፏ አውጥታ ታጎርሰዋለች። እኔ ከሁሉ ይህን አስበልጣለሁ፤ የቀሩትን የሚፈታ እርሱ ነውና። ለልጇ ትሳሳለች እንደምንል ለገንዘቡ ይሳሳል እንላለን፤ ስስታም ገንዘቡን በልጅ ቦታ አስቀምጦታል። አካን ልጆች ነበሩት፤ ወንዶችም ሴቶችም። ወርቁ ከድንኳኑ ተቆፍሮ በወጣ ጊዜ እነርሱም አብረውት ለፍርድ ወደ አኮር ሸለቆ ተወሰዱ።